አይሲክል ማውንቴን ላይ ማንም ሳይመታኝ የምሞተው ለምንድነው? (መልስ)

ወዳጄ፣ የሚገድልህ ስክሪኑ ራሱ ነው። ስማሽ ብሮስ (የኒንቴንዶ የድብድብ ቪዲዮ ጌም) ውስጥ ከስክሪኑ ውጪ በአራቱም በኩል የማይታይ የሞት መስመር አለ። እሱን ካለፍክ አለቀልህ። በተራ ሜዳ መስመሩ ካለበት ንቅንቅ አይልም። አይሲክል ማውንቴን የሚባለው ሜዳ ላይ ግን ካሜራው ወደ ላይ ሲወጣ የታችኛው መስመርም አብሮ ይወጣል። ቅድም ተዝናንተህ የቆምክበት ቦታ አሁን ከመስመሩ በታች ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ውጣ፣ ከዚያ ተደባደብ። አየር ላይ የምትዘላትን ሁለተኛ ዝላይ በከንቱ አታባክናት። ሁሌም ከተጋጣሚህ አንድ እርከን ከፍ በል። እሱ ሊወጣ ሲዘል ከላይ ሆነህ ቁልቁል ምታው። ታች ያለው መስመር ቅርብ ስለሆነ ፐርሰንቱ (የደረሰበት ጉዳት መጠን) ትንሽ ቢሆንም አይተርፍም። ጨካኝ ዘዴ ነው፣ ግን ይሠራል።

ካሜራው ደግሞ ፍጥነቱን እንደፈለገው ይቀያይራል፤ አንዳንዴም ቁልቁል ይመለሳል። ያኔ ስክሪኑ አናት ላይ አትንጠልጠል፣ ወደ ላይ የሚያስፈነጥር ምት ቶሎ ይጨርስሃል።

እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው የስማሽ ብሮስ ጌም፣ ብሮውል ላይ ያለው ራምብል ፎልስ የሚባል ሜዳም ዘመዱ ነው። እሱ እንኳ ሊፈጥን ሲል ያስጠነቅቅሃል። ውድድር ላይ ግን ሁለቱንም አትጠብቃቸው፣ የታገዱ ናቸው።