የቪትዝ የኋላ ቡሽ፦ ኪት ከመግዛትህ በፊት ቶርኖ ቤት ሂድ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አነበብኩት። ቪትዝህ ኮብልስቶን ላይ ስትወጣ ከኋላ ኳ ኳ ትላለች። መካኒኩ የኋላ አክስሉ ቡሽ፣ ማለትም አክስሉ ከመኪናው አካል ጋር የሚያያዝበት የብረት ቅርፊት የለበሰ ጎማ፣ አልቋል ብሎሃል። አንተ ደግሞ ግቢህ ውስጥ ራስህ ልትቀይረው አስበህ፣ በሳጥን የሚሸጠውን ባለ ብዙ ቁራጭ የቡሽ ማውጫና ማስገቢያ ኪት ልግዛ ወይስ አክስሉን አውርጄ ቡሹን በማሽን ተጭነው ወደሚገፉበት ፕሬስ ቤት ልውሰደው ብለሃል። ሁለቱንም ተወው። ብረት በልክ የሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት ሄደህ መሣሪያህን አሠራ። ለምን እንደሆነ ረዘም አድርጌ ልንገርህ፤ ይህች ቡሽ ብዙ ገንዘብ በልታብኛለች።

ጎማ አወላለቅና ክሪክ አቀማመጥ አልነግርህም፤ ይህን ሥራ ያሰበ ሰው ያውቀዋል። ብቻ በክሪክ ተማምነህ ከሥር እንዳትገባ። መኪናውን ደግፎ የሚይዝ ካቫሌቶ ከሌለህ ከጎረቤት ጋራዥ ተበደር፣ እምቢ ካሉህ ሥራውን ለሌላ ቀን አሳድረው።

1. ኪቱ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ቀለበት ብዛት ዓይን ይሞላል፣ ለአንተ መኪና ልክ የሚሆነው ግን ላይኖር ይችላል። ይህ ሥራ የሚፈልገው ሁለት ቀለበት ነው፤ አንዱ ገፊ፣ አንዱ ተቀባይ። ገፊው መንካት ያለበት የቡሹን የውጭ ብረት ቅርፊት ብቻ ነው። ዲያሜትሩ ከቅርፊቱ ከግማሽ እስከ አንድ ሚሊሜትር ዝቅ ቢል በቂ ነው። ከዚያ በላይ ከጠበበ መሃል ያለውን ጎማ ይገፋል። ጎማው ይለጠጣል፣ ቅርፊቱ ካለበት ንቅንቅ አይልም፣ አንተ ደግሞ እየሠራህ ይመስልሃል። ተቀባዩ በተቃራኒው ሰፊና ጥልቅ ይሁን። ቡሹ ሙሉ በሙሉ ይግባበት፣ ጠርዙም የሚያርፈው በአክስሉ ላይ ባለው የቡሹ ቤት ላይ ይሁን። የኪቱ ቀለበቶች በቁጥር እየዘለሉ ነው የሚሄዱት። የምትፈልገው ልክ በሁለት ቁጥር መሃል ከወደቀ ሳጥኑን ሙሉ ብትገዛም ባዶ እጅህን ነህ።

ስለዚህ መጀመሪያ አዲሱን ቡሽ ግዛ። በካሊፐር ለካው፣ ይዘኸው ቶርኖ ቤት ሂድ። ሲገዙ ደግሞ «የቪትዝ» ብቻ ማለት አያዋጣም። ጃፓን ቪትዝ ያለችው መኪና በሌላው ዓለም ያሪስ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው አካልና በ2005 የመጣው አካልም አንድ አይደሉም። የሻንሲ ቁጥርህን ይዘህ ሂድ።

2. ብሎኑ ላይ አትሰስት። በሁለቱ ቀለበቶችና በቡሹ መሃል አልፎ፣ ዳዶው ሲጠብቅ ቡሹን ወደ ተቀባዩ የሚያስገባው እሱ ነው። የግንባታ ዕቃ መሸጫ ውስጥ በሜትር የሚሸጠውን ጥርስ ያለው ዘንግ ሰዎች ይመክሩሃል። ለስላሳ ብረት ነው። ቡሹ ገና ሳይነቃነቅ ጥርሱ ይላጣል፣ ዳዶው እዚያው ነክሶ ይቀራል፣ ከዚያ በግራይንደር መቁረጥ ነው። የብሎን ጭንቅላት ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብብ። 8.8 ለመነሻ ይበቃል፣ 10.9 ካገኘህ አትለፈው። የመጀመሪያው ቁጥር ጥንካሬውን ነው የሚነግርህ፤ ባለ 8ቱ ወደ 800 ሜጋፓስካል፣ ባለ 10ሩ ወደ 1000። ምንም ያልተጻፈበት ብሎን ለበር ማጠፊያ ይሁን። የከባድ መኪና ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች ዘንድ ወፍራምና ረጅም፣ ጥርሱ ደቃቅ የሆነ ታገኛለህ። ጥርሱ በደቀቀ ቁጥር ለክንድህ ይቀልልሃል። ዳዶው እኩል ጥንካሬ ይኑረው። ከዳዶው ሥር ወፍራም ሮንዴላ አድርግ፣ ከተቻለም አሮጌ የግፊት ኩሽኔታ። ጥርሱን ግሪስ ቀባው።

3. እሳትና መዶሻ አታስጠጋ። እዚህ ላይ ነው የተቃጠልኩት።

አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ስሙን አልጠራም፣ ሰፈሩንም አልናገርም። «ይህማ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፣ ሂድ ሻይ ጠጥተህ ና» አሉኝ። ሻዩን ጠጥቼ ስመለስ ልጁ የጋዝ ብየዳውን እሳት ቡሹ ላይ ለቆ ጎማውን ያቃጥላል። ጭሱ ግቢውን ሞልቶታል። የቪትዝ ነዳጅ ታንክ ከኋላ አክስሉ ፊት ለፊት፣ ከኋላ ወንበር ሥር ነው ያለው። የፍሬን ቱቦውም እዚያው አጠገብ ያልፋል። ይህን ስነግራቸው ባለቤቱ «አንተ መካኒክ ነህ እኔ?» አለኝ። እሺ። ጎማው ተቃጥሎ ካለቀ በኋላ ቅርፊቱ አልወጣ አለ። ያን ጊዜ መዶሻና ብረት መጣ። ልጁ ቅርፊቱን ሲስት ቤቱን ይመታል፣ ቤቱን ሲስት ቅርፊቱን ይመታል።

ወጣ፣ አዎ። ግን ክብ የነበረው የቡሽ ቤት ሞላላ ሆነ። አዲሱ ቡሽ በፕሬስ ግፊት በጥብቅ መግባት ሲገባው በእጅ ተገፍቶ ገባ። ሰውዬው ይህን አይቶ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? በብየዳ ሁለት ቦታ ጠቅ ጠቅ አድርጎ አሰረው! አዲስ ጎማ ያለበትን ቡሽ! ብዙም ሳልነዳት ድምፁ ተመልሶ መጣ፣ እንዲያውም ብሶ። ሄጄ ስጠይቅ «መኪናዋ እኮ ድሮም አርጅታለች» ተባልኩ። ገንዘብ የመመለስ ወሬ አልተነሳም። ይቅርታ የምትል ቃል ብሰማ እንኳ ግማሹን እረሳው ነበር።

ሞላላ የሆነ ቤት መፍትሔው አክስል መቀየር ነው። ሶማሌ ተራ ወርጄ ያገለገለ አክስል ገዛሁ። የቡሹና የአክስሉ ዋጋ አይገናኝም፣ ስንት እንደከፈልኩ አልነግርህም፣ ባለቤቴም ታነብ ይሆናል። የገዛሁት አክስል ላይ ያለው ቡሽም ያለቀ ነበር፤ መቀየር ነበረበት። ያን ጊዜ ነው ማንም ጋራዥ አይነካብኝም ያልኩት።

መጀመሪያ ፕሬስ ቤት ነው የወሰድኩት፣ ስለዚህ ፕሬሱንም አውቀዋለሁ። አክስሉ ረጅም ነው። አንዱ ጫፍ ፕሬሱ ላይ ሲሆን ሌላው ውጭ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ቀጥ አድርጎ የሚይዝልህ ሰው ከሌለ ቡሹ ተጣሞ ነው የሚገባው። የፕሬሱ ልጅ ደግሞ ቸኩሏል፣ ከኋላህ ወረፋ አለ። ይዤው ተመለስኩ። ያንተ አክስል መኪናው ላይ ከሆነ ይህን ሁሉ ለምን ትሸከማለህ? አክስሉን ከአካሉ ጋር የያዙትን የፊት ሁለቱን ብሎኖች ፈትተህ የአክስሉን የፊት ጫፍ ዝቅ ብታደርግ ይበቃል። የፍሬን ቱቦና የእጅ ፍሬን ገመድ የታሰሩበትን ማቀፊያ ቀድመህ ፍታ፣ ኤቢኤስ ካለህ ሽቦውንም። አለዚያ ቱቦው ይወጠራል።

የሰፈራችን ቶርኖ ባለሙያ ሽማግሌ ናቸው። አዲሱን ቡሽ አገላብጠው አዩት፣ ለኩት፣ ከወፍራም ቧንቧ ሁለቱን ቀለበት አወጡልኝ። ግቢዬ ውስጥ ዳዶውን ማጥበቅ ስጀምር መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ጧ! ብሎ ሲለቅ ደነገጥኩ። ያ ድምፅ ጥሩ ነው፣ አትፍራው። ከዚያ በኋላ ዳዶው በዞረ ቁጥር ቡሹ ይወጣልሃል። ግራው ግን ዝገት ይዞት ነበር። ለእሱ መሃሉን ቆፍሬ አወጣሁና ቅርፊቱን ከውስጥ በብረት መጋዝ ምላጭ ሰነጠቅኩት። ምላጩ ቤቱን ከመንካቱ በፊት አቁም። ከተሰነጠቀ በኋላ ቅርፊቱ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ እሳት አያስፈልገውም። ጎረቤቴ ከአጥሩ በላይ እያየ «ጋራዥ ከፈትክ እንዴ?» አለኝ። ለሱም ሠራሁለት።

አሮጌውን ከመንቀልህ በፊት ግን ፎቶ አንሳ፣ ቤቱ ላይም ምልክት አድርግ። ብዙዎቹ ቡሾች ጎማቸው ውስጥ ክፍት ቦታ አላቸው፣ ያ ክፍት ወዴት እንደዞረ ለውጥ አለው። ከንፈር ያለው ከሆነ ደግሞ የሚገባው በአንድ በኩል ብቻ ነው። ሲገባ ቀጥ ማለቱን በየጥቂት ዙሩ ቆመህ እይ። ቤቱን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አጽዳው፣ ቅርፊቱን ቀጭን ዘይት አስነካው፣ ጎማው ላይ ግን ዘይት አታድርግ።

የመጨረሻዋ ጋራዦቹ ሁሉ የሚዘሏት ናት። ሁለቱን የአክስሉን ብሎኖች መኪናው ተሰቅሎ፣ የኋላ ጎማው ተንጠልጥሎ እንዳታጠብቅ። የቡሹ ጎማ ከቅርፊቱም ከመሃሉ ቱቦም ጋር ተጣብቋል፣ አይንሸራተትም። ተንጠልጥሎ ከጠበቀ መኪናው መሬት ሲወርድ እንደተጨመቀ ጨርቅ ተጠምዝዞ ይቀራል፣ ሳይቆይም ይቀደዳል። በእጅ አስገባቸው፣ ክብደቱ የኋላ ጎማዎቹ ላይ እንዲያርፍ ጠንካራ እንጨት ላይ አውጣት፣ የፊቱን ጎማ በድንጋይ አግድ። ከዚያ በቶርክ መፍቻ፣ ማኑዋሉ ላይ ባለው ልክ አጥብቅ።

መሣሪያው አሁንም ቤቴ አለ፣ በግሪስ ተቀብቶ በጨርቅ ተጠቅልሎ። የመኪናህ አካል ከእኔው ጋር አንድ ከሆነ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ አውስሃለሁ። ግን ባለፈው የወሰዱት 19 መፍቻ እስካሁን ስላልተመለሰልኝ መታወቂያ ይዘህ ና።