የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ምጥ ሲዘገይ አዋላጇ ምን ትሠራለች?

ጥያቄ (ከቢቸና)፦ ጤና ይስጥልኝ። ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ወሯ ገብቷል። አምና የጎረቤታችን ሚስት ሌሊት ሆስፒታል ገብታ «ገና 3 ሴንቲ ነው» ተባለችና በማግሥቱ ማታ ወለደች። ያን ያህል ሰዓት ዝም ብለው አስቀምጠዋት ነው? የምጥ መርፌ ቢወጓት አይቀልላትም ነበር? እኔስ አጠገቧ እንድሆን ቢፈቅዱልኝ በምን ላግዛት?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ብዙ ቤተሰብ የሚጨነቀው ሰዓቱን ከመጀመሪያው ቁርጠት ጀምሮ ስለሚቆጥር ነው። የማህፀን በር 5 ሴንቲ እስኪከፈት ያለው ጊዜ ልክ የለውም፤ አንዷ በጥቂት ሰዓት ታልፈዋለች፣ ሌላዋ ላይ ቀኑን ሙሉ ይቆያል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መሠረት የጠናው ምጥ የሚቆጠረው ከ5 ሴንቲ ነው። ከዚያ እስከ 10 ሴንቲ ለመጀመሪያ ወላድ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 ሰዓት፣ ከዚህ በፊት ለወለደች ደግሞ ከ10 ሰዓት አያልፍም። «3 ሴንቲ» የተባለች እናት እንግዲህ ገና አልዘገየችም።

ጥሩ አዋላጅ በዚህ ጊዜ ሥራዋ ብዙ ነው፤ ከውጭ ሲያዩት ግን አይታወቅም። እጇን ሆድ ላይ አሳርፋ በ10 ደቂቃ ስንት ጊዜ ምጡ እንደመጣ ትቆጥራለች። የጠነከረ ምጥ ሲመጣ ማህፀኑ በጣት ሲጫኑት እንደ ግንባር ይጠጥራል፤ እንደ አፍንጫ ጫፍ የሚለሰልስ ከሆነ ገና ደካማ ነው። ምጡ ከጠና በኋላ በየ15 እስከ 30 ደቂቃው የልጁን የልብ ምት ሙሉ አንድ ደቂቃ ታዳምጣለች፤ በተለይ ቁርጠቱ ለቀቅ እንዳደረጋት። ምቱ በደቂቃ ከ110 እስከ 160 መሆን አለበት። የማህፀን በሩን የምታየው በየ4 ሰዓቱ ነው። ቶሎ ቶሎ እንድታይ አትገፋፏት፤ ጣት በገባ ቁጥር ኢንፌክሽን አብሮ ሊገባ ይችላል።

ለመዘግየት ምክንያት ሆኖ ብዙ ጊዜ የሚረሳው የሞላ የሽንት ፊኛ ነው። የልጁ ጭንቅላት እንዳይወርድ መንገዱን ይይዛል። በየ2 ሰዓቱ ሽንት ቤት ይውሰዷት። ድካምና ጥማትም ምጡን ያላላሉ፤ ባለሙያዋ ካልከለከለች ውሃ፣ ሻይ በስኳር ወይም ቀጠን ያለ አጥሚት በትንሽ በትንሹ ያጠጧት። በጀርባዋ ተንጋልላ አትዋል፤ ትራመድ፣ አልጋውን ተደግፋ ታጎንብስ፣ ሲደክማት በጎኗ ትተኛ። ወገቧን እየቆረጠ የሚያስጨንቃት ከሆነ ቁርጠቱ ሲመጣ የመዳፍዎን ተረከዝ ከወገቧ በታች፣ ከመቀመጫዋ አጥንት ከፍ ብሎ፣ አጥብቀው ይጫኑት፤ ሲለቃት ይልቀቁ። አይዞሽ ማለትዎም ዋጋ አለው፤ የምታምነው ሰው አጠገቧ ያለ እናት ምጧ የማጠር፣ በኦፕራሲዮን የመውለዷም ዕድል የመቀነስ ነገር በጥናት የታየ ነው። «ግፊ» ግን አይበሏት። በሩ ሳይከፈት መግፋት አቅሟን ይጨርሳል፣ የማህፀን በሩንም ያሳብጣል።

ወደ መርፌው ስንመጣ፣ ኦክሲቶሲን ነው። ከመውለዷ በፊት የሚሰጠው ምጡ ደካማ መሆኑ ተረጋግጦ፣ በግሉኮስ ውስጥ ተበጥብጦ በጠብታ እየተቆጠረ፣ ባለሙያ አጠገቧ ሳይለይ ነው። ልጁ ሳይወጣ በጡንቻ መውጋት ፈጽሞ አይገባም። ልጁ በወጣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጭኗ ላይ የሚወጉት 10 ዩኒት ሌላ ነገር ነው፤ ያ ደም እንዳይፈሳት ነው፣ አይፍሩት።

መርፌውን በጥድፊያ የማይሰጡበት ምክንያት የዘገየ ምጥና የታፈነ ምጥ አንድ ስላልሆኑ ነው። ምጡ ጠንቶ እያለ ጭንቅላቱ ካልወረደ፣ የራስ ቅሉ አጥንቶች ከተደራረቡ፣ ሽንቷ ደም ከቀላቀለ መንገዱ ጠቧል። በዚህ ላይ ኦክሲቶሲን ማህፀን ሊቀድ ይችላል፤ የሚያስፈልጋት ኦፕራሲዮን ነው። ሳይደረስላት ከዋለች ደግሞ ጭንቅላቱ የተጫነው ሥጋ ይሞትና ቀዳዳ ይሆናል፤ ሽንት ያለፈቃድ የሚፈስበት ፊስቱላ ከዚህ ይመጣል። በባሕር ዳር የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል የሚታከሙት አብዛኞቹ እናቶች እንዲህ የተጎዱ ናቸው።

እርስዎ ሳይዘገዩ ለባለሙያዋ የሚናገሩት፦ የሽርት ውሃው አረንጓዴ ከሆነ፣ ደም ከፈሰሳት፣ በአንዱና በሚቀጥለው ቁርጠት መካከል እንኳ ሆዷ የማይላላ ከሆነ፣ ብርቱ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ካላት፣ ልጁ መንቀሳቀሱን ካቆመ።

ጥያቄ (ከጮቄ ግርጌ)፦ ልጄ ክረምት ላይ ትወልዳለች። ምጧ ሲጠና በቅቤ ሆዷን ባሻት ልጁ አይፈጥንም? ሴቶቹ «ማርያም ማርያም» እያሉ ቢያጅቧትስ?

መልስ፦ እናታችን፣ ሆዷን አይሹት፣ ከላይም አይጫኑት። እንግዴ ልጁ ከቦታው ሊላቀቅና ደም ሊፈስ፣ ማህፀንም ሊቀደድ ይችላል። እጅዎ ወገቧ ላይ ይሁን፤ በቅቤው ሊያረጋጓት ከፈለጉ አናቷን ይቀቧት፣ ጉዳት የለውም። «ማርያም ማርያም» ማለቱንም አዋላጇ አትከለክልዎትም፤ የልጁን ልብ ስታዳምጥ ብቻ ጸጥ ይበሉላት።

ክረምት ከሆነ መንገዱ ጭቃ ነውና ምጧን ቤት ሆናችሁ አትጠብቁ። ቀኗ ሁለት ሳምንት ሲቀራት ጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ ካለው ይዘዋት ይግቡ፤ ለገንፎዋ የሚሆን ዱቄትና ቅቤ፣ ለልጁ ሁለት ንጹሕ ፎጣና ኮፍያ ይያዙ። ደም ሊለግሱ የሚችሉ ሁለት ጤነኛ ጎረምሶችንም ከወዲሁ ተነጋግረው ያዘጋጁ።