ጥቁር አዝሙዱ ይቀጥል፣ መድኃኒቱ ግን አይቋረጥ

ጥያቄ፦ የምኖረው ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ነው። አስም ከያዘኝ ዓመታት አልፈዋል። ሐኪም ሁለት በአፍ የሚሳቡ መድኃኒቶች አዝዞልኝ ነበር፤ ነገር ግን ጎረቤቶቼ «ፓፍ ሱስ ያስይዛል» ስላሉኝ በየቀኑ የሚወሰደውን ትቼ ሰማያዊውን ሳፍን ሲለኝ ብቻ እጠቀማለሁ። ጠዋት ጥቁር አዝሙድ በማር እወስዳለሁ፤ ማታ በባሕር ዛፍ ቅጠል እታጠናለሁ። በተፈጥሮ መንገድ ብቻ መዳን እችላለሁን?

መልስ፦ እኅታችን፣ የተዉት መድኃኒት ዋናው ነበር። ሰማያዊው ሳልቡታሞል በአየር ቧንቧ ዙሪያ የተኮማተረውን ጡንቻ ያላላል እንጂ የቧንቧውን ቁጣና እብጠት አያበርድም። ይህን የሚያደርገው እንደ ቤክሎሜታዞን ያለው በየዕለቱ የሚሳብ መድኃኒት ነው፤ ሱስ አያስይዝም፣ ውጤቱ ግን በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያለ ስለሚመጣ ብዙ ሰው «አልሠራልኝም» ብሎ ይተወዋል። ጂና በሚል ስም የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የአስም መመሪያ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዋቂዎች በሳልቡታሞል ብቻ እንዳይታከሙ ይመክራል። ስለዚህ ወደ ሐኪምዎ ተመልሰው እንደገና ይጀምሩ፤ ከሳቡ በኋላም አፍዎን ተጉመጥምጠው ይትፉ።

አሳሳቡም ቢሆን ቀላል አይደለም። መድኃኒቱን ነቅንቀው፣ አየር አስወጥተው፣ አንዴ ተጭነው፣ በዝግታ ስበው እስከ 10 ሰከንድ መያዝ ያስፈልጋል። ይህ ካስቸገረዎት በተለምዶ ሃይላንድ የምንለው የግማሽ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ይረዳዎታል፦ ቂጡ በመድኃኒቱ አፍ ልክ ይበሳና ዙሪያው ይታሸጋል፣ በጠርሙሱ አፍ በኩል ይሳባል። በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመ የደቡብ አፍሪካ ጥናት በሕፃናት ላይ እንዳሳየው በዚህ መንገድ የተሠራው ጠርሙስ በፋብሪካ ከሚሠራው የመሳቢያ ዕቃ አያንስም።

ጥቁር አዝሙዱን መቀጠል ይችላሉ። በአንዳንድ አነስተኛ ጥናቶች ከመደበኛው ሕክምና ጋር የወሰዱት ሕሙማን መጠነኛ መሻሻል አሳይተዋል፤ የስኳር ሕመም ካለብዎት ግን ማሩን ይቀንሱ። የባሕር ዛፉን መታጠን ቢተዉት እንመርጣለን፤ ኃይለኛው ሽታ ራሱ አስም ሊቀሰቅስ ይችላል፣ የፈላው ውኃም ብዙ ሰው አቃጥሏል። አየር በአፍንጫ በዝግታ የመሳብ ልምምድ ግን ጭንቀቱንና የሕመም ስሜቱን ስለሚያቀል የሚደገፍ ነው፤ እብጠቱን አያጠፋም እንጂ።

ከሁሉ የሚበልጠው የተፈጥሮ መፍትሔ ከጭስ መራቅ ነው። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ለጥቂት ሰዓታት ቧንቧውን በመጠኑ ይከፍታል፤ አቦል ቶናውን አንከለክልዎትም። ጉዳቱ ያለው በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሚቆላው ቡና፣ ከከሰሉና ከዕጣኑ ጭስ ላይ ነው። ወሎ ላይ «ዕጣኑ ይቅር» ማለት ለእንግዳ ከባድ መሆኑን እናውቃለን፤ ቢያንስ ከሰሉ ደጅ ይያያዝ፣ ቡናውም ደጅ ይቆላ፣ መስኮቱም ይከፈት። ከጦሳ የሚወርደው የጠዋት ብርድም ቧንቧውን ስለሚያኮማትር ሲወጡ አፍና አፍንጫዎን በነጠላ ይሸፍኑ።

አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጡ መናገር ካቃተዎት፣ ከንፈርዎ ከጠቆረ ወይም ሰማያዊው መድኃኒት ካላስታገሰዎት፣ ዝንጅብል እስኪፈላ ሳይጠብቁ መድኃኒቱን እየሳቡ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።