የሚገላበጥ ሕፃን ዳይፐር አቀያየር

ወንድሜ፣ የ7 ወር ልጅህ ዳይፐር ስትቀይርለት እየተገላበጠ ከአልጋ እንዳይወድቅ መስጋትህ ተገቢ ነው። አልጋውን ተወውና ወለል ላይ ፍራሽ ወይም ወፍራም ብርድ ልብስ አንጥፍ። ከፍ ያለ ቦታ ላይ መቀየር ግድ ከሆነብህ አንድ እጅህ ከሆዱ አይነሣ፤ የረሳኸው ዕቃ ካለ ልጁን ታቅፈህ ሂድ እንጂ ለአፍታም ትተኸው አትሂድ።

ከማስተኛትህ በፊት የተዘረጋ ንጹሕ ዳይፐር፣ ለብ ያለ ውሃ፣ ለስላሳ ጨርቅ፣ ቫዝሊንና ፌስታል እጅህ የሚደርስበት ቦታ ይቀመጡ። ዳይፐሩን እንደከፈትህ ብልቱ ላይ ጨርቅ ጣል አድርግበት፤ ወንድ ልጅ ብርድ ሲነካው ሽንቱን ሽቅብ ይለቀዋል! (ሴት ብትሆን ጠረጋው ምንጊዜም ከፊት ወደ ኋላ ነው።) የጭኑን እጥፋቶች በደንብ ሳታደርቅ አትሸፍን። ፓውደር ግን እባክህ ይቅርብህ፤ ብናኙ ወደ ሳንባው ይገባል።

መገላበጡ አዲስ ያገኘውን ጉልበት መሞከሩ ነውና አትቆጣው። ማንኪያ አስይዘው፤ ፊትህን በጨርቅ ሸፍነህ «ኩኩሉ» በለው፤ እሱ ሲስቅ አንተ ትጨርሳለህ። ቆዳው ቀልቶ በ3 ቀን ውስጥ ካልተሻለው፣ ውሃ ከቋጠረ ወይም ትኩሳት ከመጣ ሐኪም ይየው።