ክቡ ምሽግ እና የመንገድ ዳር ሰሌዳው

ጥያቄ፦ በፔንሲልቬኒያ ግዛት በዩኤስ 40 አውራ ጎዳና ስጓዝ ስለ ፎርት ኔሴሲቲ፣ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ምሽግ፣ የሚያወሳ የታሪክ ሰሌዳ አይቼ ወደ ስፍራው ጎራ አልሁ። ያገኘሁት ሜዳ መሃል የቆመ አነስተኛ ክብ የግንድ አጥር ነው። በአንድ አሮጌ ፖስት ካርድ ላይ ያየሁት ምሽግ ግን ክብ አልነበረም። ትክክለኛው የትኛው ነው? እንዲህ ያለ ጠባብ አጥርስ እንዴት ምሽግ ተባለ?

መልስ፦ ትክክለኛው ክቡ ነው። የፖስት ካርዱ ሥዕል ግን የፈጠራ ሥራ ላይሆን ይችላል፤ ምክንያቱም ምሽጉ በ1930ዎቹ (እዚህ ያሉት ዘመናትና ቀኖች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) እንደገና ሲሠራ ሠሪዎቹ የተከተሉት የ19ኛው ክፍለ ዘመን ቅየሳን በመሆኑ፣ ቀያሹም የለካው አጥሩን ሳይሆን በውጭ በኩል የተከመረውን የአፈር ካብ በመሆኑ፣ ቅርጹ ተሳስቶ ነበር። አንድ ወታደር በ1754 በመሐላ የሰጠው ቃል ግን አጥሩ ስንቅና ጥይት በተቀመጠበት ትንሽ ቤት ዙሪያ ክብ ሆኖ መሠራቱን ይገልጻል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የአርኪዮሎጂ ባለሙያው ጄ. ሲ. ሃሪንግተን ስፍራውን ሲቆፍር፣ እርጥበት ባለው አፈር ውስጥ ሳይበሰብሱ የቆዩትን የግንዶቹን ግርጌዎች በክብ እንደተተከሉ አገኛቸው። የክቡ ወርድ 16 ሜትር ገደማ ብቻ ነው።

ጥበቱ ከችኮላ የመጣ ነው። ያኔ ለብሪታንያ የሚዋጋው የ22 ዓመቱ ጆርጅ ዋሽንግተን ግንቦት 28 ቀን 1754 ፈረንሳዊው መኮንን ዡሞንቪል ከተገደለበት ግጭት በኋላ የፈረንሳዮችን አጸፋ ሲጠባበቅ በጥቂት ቀናት ውስጥ አሠራው። በግጭቱ አብሮት የነበረው የሴኔካዎቹ (የአካባቢው ነባር ሕዝብ) መሪ ታናቻሪሰን አጥሩን ንቆ፣ ከጦርነቱ በፊት ሰዎቹን ይዞ ሄደ። በእኔ እምነት ስለ ስፍራው የሚጻፍ ሰሌዳ ሁሉ የእርሱን ስም ሊያነሳ ይገባዋል፤ ብሪታንያና ፈረንሳይ የተሻሙበት የኦሃዮ ሸለቆ የእርሱ ሰዎችና የሌሎቹ ነባር ሕዝቦች፣ የሻውኒዎችና የደላዌሮች፣ መኖሪያ ነበርና።

ሐምሌ 3 ቀን 600 ያህል ፈረንሳውያንና 100 ያህል ነባር ተዋጊዎች ከደኑ ውስጥ ተኩስ ከፈቱ። ዝናቡ የዋሽንግተን ወታደሮች የተከላከሉባቸውን ጉድጓዶች ሞላ፣ ባሩዱንም አረጠበ። ዋሽንግተን ሌሊቱን የፈረመው የእጅ መስጫ ውል እርሱ በማያነበው በፈረንሳይኛ የተጻፈና ዡሞንቪል በግፍ እንደተገደለ በእርሱ ስም የሚያምን ነበር። በማግስቱ ለቅቆ ሲወጣ ፈረንሳዮቹ ምሽጉን አቃጠሉት። ዳግመኛ ከሄዱ ከአጥሩ አጠገብ ቆመው ወደ ዛፎቹ ይመልከቱ፤ የያኔው ደን ዳርቻ በአንድ ወገን ከጠመንጃ ተኩስ ርቀት አይበልጥም ነበር።