ስለ መዥገር የጠየቃችሁኝ

እንደምን ሰነበታችሁ። ጎጃም ውስጥ የምሠራ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። የመዥገር ጂኖም (በፊደል እንደተጻፈ መጽሐፍ የሚነበበው ሙሉ የዘር መመሪያው) ጥናት ነገር ስላነጋገራችሁ የደረሱኝን ጥያቄዎች ልመልስ። ዓመተ ምሕረቱ በፈረንጅ ነው።

ከቡሬ፦ ዶክተር፣ መዥገር ምን የሚነበብ ነገር አለውና ነው ጂኖሙ ተነበበ የሚሉን?

ጉድ ነው ያለው! መጀመሪያ የተነበበው በ2016 የአሜሪካው የአጋዘን መዥገር ነው። 2.1 ቢሊዮን ያህል ፊደል አለው፤ 70 በመቶው ድግግሞሽ ነው። አንዱ የከብት መዥገርማ 7 ቢሊዮን ይደርሳል፤ የእኛ የሰዎቹ 3 ቢሊዮን ነው። አትደንግጡ፣ ብልጠት በፊደል ብዛት አይደለም።

ከደጀን፦ መድኃኒቱ ድሮ ያረግፈው ነበር፤ ዘንድሮ ውሃ ሆነብን። ሻጩ አታሎን ይሆን?

ሊሆን ይችላል፤ ግን አስቀድመን የራሳችንን እጅ እንይ። በግምት አቅጥነን ስንረጭ ደካማው ይሞታል፣ የበረታው ተርፎ ይፈለፍላል። ፓይሬትሮይድ የሚባሉትን መድኃኒቶች ከንቱ ለማድረግ የመዥገሩን ነርቭ በሚመለከተው የጂኖሙ ክፍል ላይ የአንዲት ፊደል ለውጥ እንደምትበቃ በከብት መዥገር ታይቷል። ይቺን ፊደል መፈለግ ሲለመድ ብር ከመክሰርዎ በፊት የማይሠራውን መድኃኒት ማወቅ ይቻላል። እስከዚያው ለክተው ይበጥብጡ።

ከዳንግላ፦ ላሜን ለመዥገሩ ነጭ ጋዝ ብቀባትስ?

ኧረ አይቀቧት፣ እትዬ። ቆዳዋን ይልጠዋል።

ከሞጣ፦ ክትባት የለውም?

አለ። ከመዥገር አንጀት የተገኘ ፕሮቲን ነው፤ በአውስትራሊያና በኩባ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ተሠርቶበታል። የተከተበች ላም ደም ለመዥገሩ መርዝ ይሆንበታል፤ ሲጠጣ አንጀቱ ይጎዳል። እውነቱን ለመናገር ይህ የተገኘው ጂኖሙ ሳይነበብ ነው። ጡት ላይ ተለጥፎ የሚያቆስለውን ዝንጉርጉሩን ትልቅ መዥገር ግን ሲሞከር አልገታውም። አሁን ለእሱም የሚሆን ፕሮቲን ከጂኖም ውስጥ እየተፈለገ ነው።

ከደብረ ማርቆስ፦ ሰውንስ ያሳምማል?

ያሳምማል፤ ያው ዝንጉርጉሩ ነው። ሪኬትሲያ አፍሪኬ የሚባል ባክቴሪያ ይሰጣል፤ የነከሰው ቦታ ጥቁር ቅርፊት ያወጣል፣ ትኩሳትና ራስ ምታት ይከተላል። በ2009 ጂኖሙ የታተመው ባክቴሪያ በ1966 እዚሁ ኢትዮጵያ ከከብት ላይ ከተለቀመ መዥገር የወጣ ነው። የእኛው መዥገር የዓለም መማሪያ ሆኖ ሳለ እኛ ትኩሳትን ሁሉ ወባና ታይፎይድ እንላለን። ጤና ጣቢያ ስትሄዱ መዥገር ነክሷችሁ እንደነበር ንገሯቸው፤ ዶክሲሳይክሊን የሚባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ያድነዋል።