ሳይጠሩት አቤት የሚሉ ደጋፊዎች

ሰሞኑን ከደረሱኝ መልእክቶች ብዙዎቹ ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ነው የሚገናኙት። አንድ ሰው የገዛው ዕቃ አልሆን ይለውና በድርጅቱ ፔጅ ላይ ቅሬታ ይጽፋል። ባለቤቱ ገና ሳይመልስ የፔጁ ወዳጆች ይወርዱበታል። ጠያቂዎቹ ሁሉ ከአዲስ አበባ ዳር ዳር ናቸው። እኔም የቱሉ ዲምቱ ሰው ስለሆንኩ ነገሩ አዲስ አልሆነብኝም።

ጥያቄ፦ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ቤቴ ውስጥ ኬክ እየጋገርኩ በፌስቡክ እሸጣለሁ። በቀደም አንዲት እናት የልጇ የልደት ኬክ ተጨፍልቆ እንደደረሳት ከነፎቶው ጻፈች። ሥራ ላይ ነበርኩ። ስልኬን ሳይ ሃያ ምናምን ሰው "አቅም ከሌለሽ ዳቦ ግዢ"፣ "ኬክ በልታ የማታውቅ" እያለ ወርዶባታል። ዝም አልኩ። እውነቱን ልንገርህ፣ ትንሽ ደስም ብሎኛል። አጠፋሁ?

መልስ፦ ደስ ማለትሽ አይገርመኝም። ሌሊት ተነስቶ እንቁላል የሚመታ ሰው ሥራው ሲነቀፍ ያመዋል። የሚሟገትለት ሲያገኝ ደግሞ አንጀቱ ቅቤ ይጠጣል። ግን አዎ፣ አጥፍተሻል።

የላክሽልኝን ፎቶ አየሁት። ክሬሙ ከካርቶኑ ክዳን ላይ ተለጥፏል። ከልጁ ስም የተረፈችው የመጀመሪያዋ ፊደል ብቻ ናት። ካርቶኑ ለኬኩ አጥሮ ነው? ወይስ ሞተረኛው ኮብልስቶኑ ላይ ሲያንገጫግጨው? ይሄን ልትነግርሽ የምትችለው እሷ ነበረች። ስንት ሰዓት ደረሰ፣ እንዴት ተይዞ መጣ፣ ካርቶኑ ውጪው ተጎድቶ ነበር ወይ። ሃያ ሰው ሲዘምትባት ግን ስለ ኬኩ ማውራቷን ትታ ስለ ክብሯ መከራከር ጀመረች። እስቲ መለስ ብለሽ አንብቢው። ከአምስተኛው ኮመንት በኋላ የኬኩን ነገር ያነሳ ሰው የለም።

ሌላም አለ። ፌስቡክ ብዙ ምላሽ የተሰጠበትን ኮመንት ወደ ላይ ያወጣዋል። ደጋፊዎችሽ በተሳደቡ ቁጥር ያቺ የተጨፈለቀች ኬክ ከፖስትሽ ስር ቀድማ ትታያለች። ሊቀብሩልሽ ብለው ሐውልት አቆሙላት።

አሁን መጀመሪያ ለእሷ፣ እዚያው፣ በሰው ፊት ጻፊ። "ኬኩ እንዲህ ሆኖ ስለደረሰሽ ይቅርታ። እዚህ ለደረሰብሽ ስድብም ይቅርታ፣ ዝም ማለት አልነበረብኝም። ገንዘብሽን ልመልስ ወይስ ሌላ ልጋግርልሽ?" ኢንቦክስ የሚገባው ስልክና አድራሻ ነው። ስድቡ አደባባይ ይቅርታው ጓዳ ከሆነ ምኑን ይቅርታ ሆነ? ቀጥለሽ ለደጋፊዎችሽ፦ "ስለምትወዱኝ አመሰግናለሁ፤ ደንበኛዬን የሚሰድብ ኮመንት ግን አጠፋለሁ" በያቸው። አንድ ሁለቱ ያኮርፉ ይሆናል። ያኩርፉ። እግረ መንገድሽን ከተሳዳቢዎቹ ስንቱ ኬክ ገዝቶሽ እንደሚያውቅ ቁጠሪ።

ጥያቄ፦ ኮዬ ፈጬ የምኖር ጡረተኛ ነኝ። በቴሌግራም አይቼ የገዛሁት የኤሌክትሪክ ምጣድ በአራተኛው ቀን አልግል አለ። በግሩፑ ብጠይቅ "ሽማግሌ ቴሌግራም ምን ያደርግለታል" ተባልኩ። ሕጉ ምን ይላል?

መልስ፦ ጋሼ፣ በምጣዱ ጉዳይ ሕጉ ከእርስዎ ጋር ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው፣ ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀናት ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል ይላል። ስለዚህ ቀኑ አይለፍብዎ። ደረሰኙን ይፈልጉ። በሞባይል ከፍለው ከሆነ የደረሰዎትን መልእክት አያጥፉት።

ይኸው አዋጅ ሸማች በነጋዴው ዘንድ በትሕትናና በክብር የመስተናገድ፣ ከስድብና ከዛቻም የመጠበቅ መብት አለው ይላል። ልብ ይበሉ፣ የሚናገረው ስለ ነጋዴው አፍ ነው። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ስለሚል ደጋፊ አይደለም። ነገሩ ብሔር ወይም ሃይማኖት ይዞ ጥላቻ ወደ መቀስቀስ ከሄደ ደግሞ የጥላቻ ንግግርን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ። ለማንኛውም ስክሪንሹት ያንሱ። ካስቸገረዎ የቤት ልጆች በሁለት ሴኮንድ ያነሱልዎታል።

ጥያቄ፦ ጀሞ ሰፈራችን ያለው ሥጋ ቤት የአብሮ አደጌ ነው። ከመሬት ተነስቶ ስሙን የሚያጠፋን ሰው ዝም ብዬ ልይ?

መልስ፦ ዝም አትበል ወንድሜ። "ቅዳሜ ሁለት ኪሎ ገዝቼ ጥሩ ነበር" በል፣ ያየኸውን ነው የመሰከርከው። ግን የላክልኝን ምልልስ አነበብኩት። ሰውየው አጥንት በዛብኝ ነው ያለው። አንተ የመለስክለት ስለ ሚስቱ ነው።

እኔም ደርሶብኛል። አምና እዚሁ ሰፈሬ ያለ አንድ ካፌ የሰጠኝ ሲኒ ጠርዙ ላይ ሊፒስቲክ ነበረበት። ይህንኑ ጻፍኩ። አንዱ ተነስቶ "ቡናህን እናትህ ቤት ጠጣ" አለኝ። በሳምንቱ ውሃ ጠፍቶ ጀሪካን ይዘን ስንሰለፍ ከፊቴ የቆመው እሱ ነው፣ ከነፎቶው ኮፍያ። ለካ ከእኔ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ነው የሚኖረው። ሳልጠይቀው አንዱን ጀሪካን ተሸክሞ በሬ ድረስ አደረሰልኝ። የሲኒውን ነገር ማናችንም አላነሳንም። ዛሬ ጥሩ ጎረቤቴ ነው። ካፌውን ግን ከዚያ ወዲህ አልረገጥኩትም። አንድ ቃል ያልተነፈሰው ባለቤቱ ነበራ።

ጥያቄ፦ ለገጣፎ ጸጉር ቤት አለኝ። ጭቅጭቁ እንዲበርድ ቅሬታውን ራሱን ባጠፋው አይሻልም?

መልስ፦ አይሻልም። ስክሪንሹቱ ቀድሞሽ ወጥቷል። ቅሬታውን ተይና ስድቡን አጥፊ። መደበቅና ማጥፋት ደግሞ ይለያያሉ። በፌስቡክ የደበቅሽው ኮመንት ለጻፈው ሰውና ለጓደኞቹ መታየቱን ይቀጥላል። የቴሌግራም ግሩፕ ካለሽ ስሎው ሞድ የሚባለውን አብሪው። አንድ ሰው ሁለተኛ መልእክት ከመላኩ በፊት እስከ 1 ሰዓት እንዲጠብቅ ማድረግ ትችያለሽ። በ1 ሰዓት ውስጥ ብዙ ንዴት ይበርዳል።

ጥያቄ፦ ቦሌ አራብሳ የአንድ ሱቅ ፔጅ አድሚን ነኝ። አለቃዬ "በሌላ ስም አካውንት ከፍተህ ቅሬታ የሚያበዙትን አፋቸውን አስይዝ" ይለኛል። ይሄን የሚያዘኝ "ደንበኛ ንጉሥ ነው" የሚል ወረቀት ከጀርባው ለጥፎ ነው።

መልስ፦ እንቢ በል። ለጋሼ የጠቀስኩት ሕግ አለቃህን የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። ስሙ ቢቀየርም ተሳዳቢው ራሱ ነጋዴው ነው። ደግሞስ ማን ይሸወዳል? ፔጃችሁን አየሁት፤ "እናመሠግናለን" የሚለውን ሁልጊዜ በንጉሡ ሠ ነው የምትጽፈው። አራብሳ ውስጥ እንዲህ የሚጽፍ ሌላ ሰው ስንት አለ?

ወረቀቱን ግን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ።